የኔቡላይዘር ኮምፕረሰር በቤት ውስጥ አያያዝ

ኔቡላይዘር የአስም መድኃኒትን ወደ ጉም የሚቀይረው ኮምፕረሰሩ ከክፍሉ በሚስበው አየር ግፊት ነው። እንደ ሊሙ ገነት ቡና በሚደርቅበትና በሚፈለፈልበት አካባቢ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ቶሎ ሊደፈን ይችላል። ለወትሮው በ10 ደቂቃ የሚያልቀው መድኃኒት 20 ከፈጀ ማጣሪያውን አውጥተው ይዩት፤ ከጠቆረ በአዲስ ይተኩት። ማሽኑን መሬት ላይ አያስቀምጡ፣ ሲሠራም በጨርቅ አይሸፍኑት። ዘይት አይጨምሩበት፤ የጋራዥ ኮምፕረሰር አይደለም።

የመድኃኒቱን ኩባያ ከተጠቀሙ በኋላ ሁልጊዜ ይጠቡት፣ በደንብም ያድርቁት። እርጥብ ኩባያ ውስጥ የተራባ ጀርም በቀጥታ ሳንባ ይገባል።

መብራት ሲጠፋስ? በሐኪም የታዘዘ የሳልቡታሞል ፓፍ ከነስፔሰሩ በቤትዎ ይኑር፤ በትክክል ከተወሰደ አብዛኛውን ጊዜ ከኔቡላይዘር አያንስም። ልጅዎ መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ማሽኑን ይተዉትና ፓፉን እየሰጡ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት።