የእጅ ስልክና የቤተ ሰብ ኑሮ

የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲዠምር የጥቂት ሰዎች ጌጥ ነበረ። ዛሬ ግን ሰዓቱም፥ ፋኖሱም፥ ቴሌብር ከተቋቋመበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የገንዘብ ከረጢቱም እርሱ ሆኗል። ይህንም አንነቅፍም።

ነገር ግን ባለፈው ሰሞን መብራት ጠፍቶ የስልካችን ኃይል ባለቀበት ሌሊት ልጃችን በትኩሳት ነደደችብን። ጎረቤታችን ስልካቸውን ቢያውሱን፥ መኪና ያለውን የወንድማችንን ቁጥር በቃላችን አላወቅነውም። ዳዊት በቃላችን ደግመን ያደግን ሰዎች ዐሥር አኃዝ ጠፋብን! ባለቤታችንም እንደኛው ሆኑ። ፊደል ያልቈጠሩት እናታችን ግን የዘመድ ቁጥር ሁሉ ያስጻፉበትን አሮጌ ደብተር ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡን። ወንድማችንም ፈጥኖ ደረሰ፤ ልጅቱም ታክማ ዳነች።

አሁን ቁጥሮቹ በወረቀት ተጽፈው ከበሩ ኋላ ተለጥፈዋል። ልጆቹ በሦስት ቀን አጠኑት፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ በስምንተኛው አኃዝ ላይ እንሰናከላለን።