ፒዲኤፍ በቴሌግራም መላክ "ኦንላይን ማስተማር" ነው እንዴ?

ቀን ሸማ ተራ ጨርቅ እየሸጠ ማታ ኮሌጅ የሚማር ልጅ እናስብ። ሱቁን ዘግቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ ተጋምሷል። ለእሱ ግማሹን በስልክ፣ ግማሹን በክፍል መማር ቅንጦት አይደለም።

ብዙዎቻችን ኦንላይን ትምህርትን የተዋወቅነው መጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ነው። ያ ግን የጭንቅ ጊዜ መላ ነበር። ቅይጥ ትምህርት፣ "ብሌንድድ" የሚሉት፣ ከዚህ ይለያል። መምህሩ ኮርሱ ሳይጀመር "የቱን ተማሪው ለብቻው ይችለዋል? የቱስ ፊት ለፊት ይሻላል?" ብሎ ይከፋፍለዋል።

አካውንቲንግን እንውሰድ። የዴቢትና የክሬዲት ትርጉም በአጭር ድምፅ ተቀድቶ ይላካል። ልጁ ገበያ ሲቀዘቅዝ ይሰማዋል፣ ካልገባው ይደግመዋል። ድምፅ ከቪዲዮ ያነሰ ዳታ ይበላል፤ አንዴ ከወረደ ደግሞ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። ቀጥሎ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ይመልሳል። መምህሩ መልሶቹን አይቶ፣ ብዙ ተማሪ የሳተውን ይዞ ክፍል ይገባል። እዚያ ሌክቸሩ አይደገምም፤ የሱቅ ደረሰኝ ተይዞ ሒሳብ ይሠራል።

ይሄ ለምን ያሳስበናል? ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ የግል ኮሌጅ ተማሪም አይቀርለትም። በደንብ ያልታሰበበት ኮርስ ዕዳው ተማሪው ላይ ነው የሚወድቀው።

ስለዚህ ኮሌጃችሁ "ብሌንድድ ነን" ካላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በስልክ የተላከልንን ክፍል ውስጥ ምን እንሠራበታለን? መልስ ከሌለ የክፍል ሰዓት ተቀነሰባችሁ እንጂ የተጨመረላችሁ ነገር የለም።