ድሪሉ አልበሳ ቢል ጥፋቱ የማን ነው?

ያገለገለ ድሪል ሲሸጥ ሻጩን ብዙ ብር የሚያሳጣ አንድ ስህተት አለ፡፡ መሣሪያው እየጮኸ አልበሳ ሲል «ሞተሩ አልቆለታል» ተብሎ በርካሽ ይለቀቃል፡፡ ሞተሩ በባዶው ያለ ጭስና ያለ ሽታ በደንብ ከዞረ ግን በቅድሚያ የሚጠረጠረው ፑንታው ነው፡፡

መጀመሪያ የሚዞርበትን አቅጣጫ ይመልከቱ፤ ወደ ኋላ የሚዞር ከሆነ የተሳለ ፑንታም አይበሳም፡፡ ቀጥሎ ፑንታው ለሥራው የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፡፡ የብረት ፑንታ ኮንክሪት ላይ ወዲያው ይደነዝዛል፡፡ ለኮንክሪት የሚሆነው ጫፉ ላይ ጠንካራ ቅይጥ የተበየደለት ነው፤ ድሪሉም እየመታ የሚያዞር ይሁን፡፡ ብረት የሚበሳው በዝግታና በዘይት ነው፤ ጫፉ ሰማያዊ ቀለም ካመጣ ተቃጥሏል፡፡

ስለዚህ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት አዲስ ፑንታ ገብቶ ይሞከር፡፡ የፑንታ መደንዘዝ በሞተር ዋጋ አይታሰብም፡፡