98 ያመጣችው ልጅ ማንበብ አትችልም!

እስኪ ልጠይቃችሁ… ቤታችሁ ውስጥ አንደኛ ደረጃ የሚማር ታናሽ ወንድም ወይም የእህት ልጅ አለ? ካርዱንስ አይታችኋል? «አዎ፣ ጎበዝ ነው» ካላችሁ ጥሩ። እኔም እንደ እናንተው ስል ነበር።

ታላቅ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ልጇን የምናሳድገው እኔና እናቴ ነን። ልጅቷ በ2016 ዓ.ም. ሦስተኛ ክፍል ስትገባ የሁለተኛ ክፍል ካርዷ ላይ አማርኛ 98 ይላል። ማዘር ካርዱን በፌስታል ጠቅልላ ከቅዱሳን ሥዕሉ ሥር አስቀምጣዋለች። ታዲያ አንድ ቀን እህቴ በስልክ አምስት መስመር ጽፋ ላከችና «ራሷ ታንብበውና ድምጿን ላኩልኝ» አለች። ልጅቷ ስልኩን ተቀበለች፤ አየችው፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ጋሼ… ይኼ እኮ ገና አልተማርነውም!»

የእናት ደብዳቤ ትምህርት ቤት ይማሩታል እንዴ? የአማርኛ መጽሐፏን አስመጣኋት። የመጀመሪያዎቹን ገጾች እንደ ውሃ አወረደቻቸው። ነገሩ ስላላማረኝ መጽሐፉን ከእጇ ወስጄ ዘጋሁት። እሷ ግን አላቆመችም! ምን አለፋችሁ፣ በቃሏ ይዛው ኖሯል። ከኋላ ሌላ ገጽ ስከፍትላት ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትጠራለች፣ ቃል ሆነው ግን አይገጣጠሙላትም። ለእህቴ «ኔትወርክ እምቢ አለ» ብዬ ዋሸሁ።

የጥንቶቹ የኔታ ይቺን ጉድ ያውቋት ነበር። ልጁ «ሀ ሁ»ን በዜማ እንዳወጣው «አቡጊዳ»ን ያመጡበታል። ፊደሉ ያው ነው፣ ተራው ግን ተለዋውጧል። በዜማ ብቻ የሚጋልበው እዚያ ላይ ይያዛል።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ የሉም። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው አዘኑልኝና «ልጄ፣ እሳቸው እኮ ስብሰባ ነው የሚውሉት፤ ዛሬም ክፍለ ከተማ ናቸው» አሉኝ። በአራተኛው አገኘኋቸው። የቢሮው ግድግዳ በዕቅድና በሰንጠረዥ ተሸፍኗል። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ የሒሳብ መምህር ሳሉ ተማሪ ይወዳቸው እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። ጎበዝ አስተማሪ ሲገኝ ከክፍል ያወጡትና ሪፖርት ጸሐፊ ያደርጉታል፣ የኛ ነገር! «የልጅቷ ውጤት እኮ ከፍተኛ ነው፣ ቅሬታህ ምንድነው?» አሉኝ። «ማንበብ አትችልም» አልኳቸው። ካርዱን ደግመው አዩት። እኔን ሳይሆን ካርዱን አመኑ።

መምህርቷ ግን እውነቱን አልደበቀችኝም። ክፍሏ ውስጥ 60 የሚደርሱ ልጆች አሉ፤ ሁሉንም ትምህርት ማለት ይቻላል የምታስተምራቸው እሷው ነች። «ወንድሜ፣ የፊተኛው ረድፍ ከመለሰልኝ አልፋለሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?» አለችኝ። 98ቱስ? ለቡድን ሥራ፣ ለቤት ሥራ፣ ለደብተር እየተባለ የሚሰጠው ነጥብ ተደምሮ ነው። በቡድን ሥራው አንዱ ጎበዝ ይጽፋል፣ አምስቱ ያገኛሉ። ዝቅ አድርጋ ብትሰጥ «ለምን ወደቁብሽ?» የሚላት እንጂ የሚረዳት የለም። ከዚያ ደግሞ እስካሁን ከጆሮዬ ያልወጣ ነገር ነገረችኝ። «ሳስተምር መጥቶ ያየኝ ሰው የለም። ቅጹ ላይ ግን ሦስት ጊዜ ታይቻለሁ።»

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ሲሆኑ አገር ጉድ አለ። ፈተናው ተወቀሰ፣ ቲክቶክ ተወቀሰ። ሁለተኛ ክፍልን ያነሳ ሰው ግን አልሰማሁም። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን ፖሊሲ ተከትሎ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጆች እንዲሁ እንዲያልፉ ሲደረግ፣ ሐሳቡ መምህሩ እየተከታተለ የደከመውን እንዲደግፍ ነበር። ማለፉ ቀረልን፣ መደገፉ ጠፋ። ግል ትምህርት ቤት የምታስተምሩም አትሳቁ! የእንግሊዝኛ መዝሙር በቃል መውጣትም ያው ነው፣ ክፍያው ነው የሚለየው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንዲት ምክትል ርዕሰ መምህርት ተመድበው መጡ። ሴትየዋ ወንበራቸውን ይዘው ከክፍል ክፍል ይዞሩና የመጨረሻው ዴስክ ጎን ይቀመጣሉ አሉ። መምህራኑ መጀመሪያ «ልትሰልለን ነው» ብለው አጉረመረሙ። እሳቸው ግን ከማስተማሪያው ይልቅ የኋላ ረድፍ ልጆችን ነበር የሚያዩት። ከዚያ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርተው ያልተማረውን ገጽ አስነበቡት። ያልቻሉትን ለይተው፣ ከትምህርት በኋላ 40 ደቂቃ እየተቀመጡ ከፊደል እንዲጀምሩ አደረጉ። የማክሰኞውን ራሳቸው ነበር የሚያስተምሩት። የኛዋም ገባችበት። አዲስ ሕንፃ አልተሠራም፣ ኮምፒውተር አልመጣም።

የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠሩ ሄድኩ። ከማዶ ከማዶ ተቀምጠን አሥራ አምስት አንሞላም ነበር፤ ወጣት እኔ ብቻ። እናንተ ልጆች፣ እናቶቻችሁ ገበያ ወይም ሥራ ላይ ከሆኑ እናንተ ሂዱ እንጂ! ስትሄዱ ታዲያ ስለ አጥርና ስለ ዩኒፎርም ብቻ ተወርቶ አይበተን። «ክፍል ገብቶ የሚያይ ማነው?» በሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ዛሬ ማታ ልጁን የማያውቀውን ገጽ፣ ካልሆነም የጋዜጣ ቁራጭ አስነብቡት። አምስት ደቂቃ ነው። አትቆጡት፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

ሰኔ ላይ ካርዷ መጣ። አማርኛ 61። ማዘር ከሥዕሉ ሥር ልታስቀምጠው አፍራ ኮመዲኖ ውስጥ ከተተችው። እህቴ ከቤሩት ደውላ «ምነው? ልጄን ምን ነካብኝ?» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ስልኩን ለልጅቷ ሰጠኋትና ያቺን አምስት መስመር አነበበችላት። «ናፍቀሽኛል» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ተሰናክላ ነበር።