ድጉስ፦ የብራና መጽሐፍ ቆዳና ገበታ

የብራና መጽሐፍ ሲወሳ የሚመሰገነው ጸሐፊው ነው፤ ከዚያም ሐረጉና ሥዕሉ። ቆዳውን ከእንጨቱ ጋር ያጋባውን ደጓሽ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። መጽሐፉ በአንገት ተንጠልጥሎ፣ በአትሮንስ ላይ ሲገለጥና ሲዘጋ ኖሮ ለእኛ የደረሰው ግን በእርሱም እጅ ጭምር ነው።

ብራና አየሩን ይከተላል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ከዋንዛ ወይም ከወይራ የሚጠረቡት ሁለት ገበታዎች ተጭነው የሚይዙት ለዚህ ነው። ጥራዞቹ በክር ተሰፍተው በገበታው ጠርዝ ከተበሱት ቀዳዳዎች ጋር ይታሰራሉ። ብዙ መጻሕፍት በዚሁ ያበቃሉ፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ በራቁት ገበታ ያገለግላሉ።

ሌሎቹ ቆዳ ይለብሳሉ። ቆዳን ከእንጨት ጋር ለማያያዝ ሁልጊዜ ሙጫ የግድ አይደለም። ከበሮን እንይ። ለከበሮ የሚሆነው ቆዳ አይለፋም፤ ጥሬውን ተነክሮ፣ እርጥብ እንዳለ በተቦረቦረው ግንድ አፍ ላይ ተወጥሮ በጠፍር ይጠለፋል። ሲደርቅ ቆዳውም ጠፍሩም ይኮማተራሉ፤ ግንዱን ጨምድዶ የሚይዘው ይህ መኮማተር ነው። መጽሐፍ የሚለብሰው የለፋ ቆዳ ግን ለስላሳ ሆኖ ስለሚቀር እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም። ስለዚህ ማጣበቂያ ይፈልጋል።

የድጉስ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። የቆዳው ጠርዝ ከሥጋው በኩል በስለታም ቢላ ይሳሳል፤ ካልሳሳ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ይቆለላል፣ ገበታውም በደንብ አይገጥምም። ቆዳው ትንሽ ይረጥባል፣ ሙጫ ይቀባል፣ ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ እየተዳመጠ አየሩ ይወጣል። ማዕዘኑ ከሁሉም ይከብዳል፦ ትርፉ አብዝቶ ከተቆረጠ እንጨቱ ይታያል፣ ካልተቆረጠ ያብጣል። የለፋ ቆዳም ቢሆን ሲደርቅ ትንሽ ስለሚሰበሰብ ስስ ገበታን ወደ ራሱ ስቦ ሊያጎብጥ ይችላል። ወደ ውስጥ የታጠፈው ጠርዝ ይህን ስበት በመጠኑ ያመዛዝናል። በታጠፈው ቆዳ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ላይ ባለቀለም ጨርቅ ይለጠፋል፤ መጽሐፉን ለገለጠ ሰው ብቻ የሚታይ ውበት ነው።

ከዚያ በጋለ ብረት መደጎስ ይከተላል። በመሐል መስቀል፣ በዙሪያው መስመር በመስመር ላይ፣ በየመስመሩ መካከል ትንንሽ ክቦች። ወርቅም ቀለምም የለውም፤ ቆዳው ራሱ በሙቀቱ ይጠቁራል፣ ይሰረጉዳል። ብረቱ ከልክ በላይ ከጋለ ቆዳውን ያሳርረዋል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ምልክቱ አይዘልቅም።

ገበታ ሲሰነጠቅ የድሮ ጠጋኞች ስንጥቁን ግራና ቀኝ በስተው በክር ይሰፉት ነበር። እንጨት እንደ ልብስ ተሰፍቶ ማየት ያስደንቃል፤ ጥገናው ለዓይን ባይሸሸግም እስከ ዛሬ ይዟል።

ዛሬ ቆዳው የተላቀቀ መጽሐፍ ያለው ሰው ማስቲሽ ወይም የአናጢ ኮላ ባያስነካው እለምናለሁ። እነዚህ ለጫማና ለወንበር መልካም ናቸው፤ አንዴ ከያዙ ግን ቆዳው ሳይቀደድ አይለቁም። ከዱቄት የሚሠራ ሙጫ በውሃ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ቀጣዩ ጠጋኝ ሊፈታው ይችላል። ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ መጽሐፉን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልሎ፣ ከጭስና ከእርጥበት አርቆ በገበታው አጋድሞ ማስቀመጥ ይበቃል።