የሰፈራችን ስም

አንባቢዎች ሆይ፣ ዛሬ አንድ የሰፈራችንን ስም አብረን እናንብብ። ቱ-ሉ ዲም-ቱ። በኦሮምኛ ቱሉ ኮረብታ ነው፤ ዲምቱ ደግሞ ቀይ። ቀይ ኮረብታ ማለት ነው።

ስሙን ማን አወጣው? ከከተማው በፊት እዚህ የኖሩት የቱለማ ኦሮሞዎች ናቸው። በአቃቂ በኩል ገላን፣ በሌላው በኩል ጉለሌና ኤካ የሚባሉት ጎሳዎች ያርሱ፣ ከብት ያረቡ ነበር። በኋላ የምኒልክ ጦር አገሩን ያዘ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። መሬቱ ለመኳንንትና ለወታደር ተከፋፈለ። ባለአገሩ ከመሬቱ ተነቀለ፤ የቀረውም ጭሰኛ ሆነ። ፊንፊኔ የሚለው ስም በአዲስ ስም ተተካ።

በሩቅ አገርም እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1492 ኮሎምበስ ካሪቢያን ደሴቶች ሲደርስ ታይኖ የሚባል ሕዝብ አገኘ። ጦር፣ የግዳጅ ሥራና በሽታ አብዛኛውን ሕዝብ ፈጀው። ሄይቲ የሚለው ስም ግን የታይኖዎች ነው፤ ተራራማ አገር ማለት ነው። ዛሬም ታይኖ ነን የሚሉ ሰዎች አሉ።

የእኛም አገር ስም አልጠፋም። ጉለሌና የካ የክፍለ ከተማ ስም ናቸው። ገላን ከአቃቂ ወዲያ አለ። ቋንቋው ይነገራል። ኢሬቻም ከረጅም ዘመን በኋላ በ2012 ዓ.ም. በከተማው ውስጥ ተከበረ።

እናንተስ? የሰፈራችሁን፣ የወንዛችሁን ስም ትርጉም ሽማግሌ ጠይቁ። በደብተራችሁም ጻፉት። አባቶችና እናቶች በቃል ያቆዩትን እኛ በጽሑፍ እናቆየው።