ስለ መሬትና ስለ ውሃ የተጻፉትን መዛግብት በኢንተርኔት ዝርዝር ስለ መፈለግ

በአንድ ወረዳ መሬቱ በጎርፍ ታጥቦ ቦረቦር በሆነ ጊዜ፤ ወይም ወንዝ ይገደብ የሚል አሳብ በተነሣ ጊዜ፤ ሹሙ ገንዘብ ከማውጣቱ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር፤ ይህን ስፍራ ከዚህ በፊት የመረመረ ሰው አለን የሚል ነው። መርማሪ ኖሮ ሳለ መጽሐፉ በሮም ወይም በበርን ተቀምጦ በስፍራው ሳይታወቅ ቢቀር፤ ያው ሥራ በአዲስ ወጪ እንደ ገና ይጀመራል፤ ገበሬውም ሁለተኛ ጊዜ ተጠይቆ ሁለተኛ ጊዜ መልስ ሳያገኝ ይቀራል።

ዛሬ የነዚህ መጻሕፍት ዝርዝር በኢንተርኔት ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አግሪስ የሚባለውን ዝርዝር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲያዘጋጅ ኖሯል። መፈለጉ ግን ስም ማወቅን ይጠይቃል፤ ችግሩም ሁሉ ያለው በዚሁ ነው።

ስለ ዓባይ የሚፈልግ ሰው ዓባይ ብሎ ቢጽፍ የፈረንሳይ ባለሙያዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁትን የዓባይ ሸለቆ ዋና ዕቅድ ያገኛል፤ አሜሪካኖች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ አጥንተው በ1964 (እ.ኤ.አ.) ያወጡትን ትልቁን መጽሐፍ ግን ሊያጣው ይችላል፤ የዚያ አርእስት ሰማያዊ ናይል የሚል ነውና። ደግሞ በሸዋ ያለችው አንዲት ጥድ፤ በላቲን ፊደል ለጠ አቻ ስለሌለው፤ በተ ተጽፋ ትገኛለች። ወሎንም አንዱ በአንድ ለ ሌላው በሁለት ለ ይጽፈዋል። ቢሾፍቱን በደብረ ዘይት፣ አዳማን በናዝሬት ስም መፈለግ ያስፈልጋል፤ አሮጌው መጽሐፍ አዲሱን ስም ከወዴት ያውቀዋል? የአፈሩም ስም እንዲሁ ነው፤ ገበሬው ዋልካ የሚለውን ሊቃውንቱ ዛሬ ቨርቲሶል ይሉታል፤ የቀደሙት እንግሊዞች ግን የጥጥ ጥቁር አፈር ብለው ጽፈውታል። ዓመቱንም ሲቈጥሩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት መኖሩን አይዘንጉ።

መጽሐፉ ከተገኘ በኋላ ደግሞ በአርእስቱና በመጀመሪያው ቍጥር ብቻ መፍረድ አይገባም። የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1986 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የደጋ አገር ጥናት፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በየዓመቱ 1,900 ሚሊዮን ቶን አፈር ይታጠባል የሚል ግምት አለ። ይህን ቍጥር በየጉባኤው የሚናገረው ብዙ ነው። ነገር ግን ያው ጥናት በወንዝ ተወስዶ የሚጠፋው ከዐሥር አንዱ ያህል እንደ ሆነ፤ የቀረው እዚያው በደጋው ውስጥ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ተወስዶ እንደሚተኛ ይናገራል። ይህን የሚደግም ሰው ጥቂት ነው፤ ለሹም ግን የሚጠቅመው ይህ ነው፤ አፈሩ የተኛበትን ሜዳ ለይቶ ማወቅ ይቻላልና።

የስዊሱ ሊቅ ሐንስ ሁርኒ ደግሞ 1,500 ሚሊዮን ቶን ብሏል። የእርሱ ግምት የተመሠረተው የበርን ዩኒቨርሲቲና የእርሻ ሚኒስቴር ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው በወሎ ማይባር፣ በአንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ስፍራዎች ባቆሟቸው መለኪያዎች ላይ ነው። በታረሰ መሬት ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን ይታጠባል ሲል፤ በግጦሽ ሣር ላይ ግን 5 ቶን ብቻ አድርጎታል። እንግዲህ ለአንድ ቁልቁለት እርከን የሚያስወጣ ሹም ከጠቅላላው ድምር ይልቅ ይህን ልዩነት ቢመለከት ይሻላል፤ ለወረዳው ቅርብ የሆነውም መለኪያ የትኛው እንደ ሆነ ከመጽሐፉ ውስጥ ይፈልግ።

በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሣጥን ውስጥ የቀረውን ደብተር ግን የትኛውም ዝርዝር አያወጣውም። ስለዚህ ማናቸውም ምርመራ ሲጻፍ በፊቱ ገጽ ላይ የቀበሌው፣ የወንዙና የወረዳው ስም ከነቀድሞው ስሙ፣ ዓመቱም በሁለቱ አቈጣጠር ተጽፎ አንድ ግልባጭ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይላክ።